ዘንግ የሚሥሉ ልጆች

ጥቅምት 12

ለወንድሜ ለድምቡሼ፣

እንዴት ከረምክ? ሚስትህስ ደህና ናት? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን ከማማረር በቀር ደህና ናት፤ እኔ የምደነግጠው ዝም ያለች ቀን ነው። ደብዳቤህ ደርሶኝ እስካሁን ሳልመልስ መቅረቴን እንደተቀየምከኝ አውቃለሁ። ይቅር በለኝ። ረስቼህ አይደለም፤ የምጽፈው ነገር አሳፍሮኝ ነው።

«ማስተማሩ ሰለቸሽ እንዴ?» ብለሃል። አልሰለቸኝም፣ ደንግጬ ነው። ዘንድሮ ትልቁን ፈተና የሚወስደውን ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰጥተውኛል። ሰሞኑን ሰሌዳ ላይ የሠራሁትን ሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ቀያይሬ ፈተንኳቸው። ከሞላ ጎደል ሁሉም አገኙት። ደስ ብሎኝ ወረቀታቸውን እያደልኩ ሳለ እንዲሁ ለጨዋታ ያህል፣ «ለመሆኑ ከአንድ ሦስተኛና ከአንድ አራተኛ የትኛው ይበልጣል?» አልኳቸው።

ክፍሉ ባንድ ድምፅ «አንድ አራተኛ!» አለ።

«ለምን?»

«አራት ከሦስት ስለሚበልጥ!»

ከሁሉም አስበልጠው የጮኹት ፈተናውን የደፈኑት ልጆች ናቸው። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ቁጭ አልኩ። እማዬ «ምነው፣ ሰው ሞተ?» አለችኝ። ሰውማ አልሞተም። ግን ይሄን ሁሉ ዓመት «ገባችሁ?» ስላቸው «አዎ!» ሲሉኝ እያመንኩ ሰሌዳ ስጠርግ ኖሬያለሁ። ለካ «አዎ» የሚሉኝ ገብቷቸው ሳይሆን እንድገላግላቸው ነው።

ስለዚህ «ገባችሁ?» የምትለዋን ቃል ከአፌ አውጥቼ ጣልኳት። አሁን «ለጎንህ አስረዳው» ነው የምለው። እነሱ ሲያስረዱ እኔ በዴስኮቹ መሃል እየተሽሎከለኩ እሰማለሁ። የምሰማውን ጉድ ብነግርህ! በቀን አንድ የተሳሳተ መልስ መርጬ፣ የማን እንደሆነ ሳልናገር፣ ሰሌዳ ላይ እጽፍና «ይሄ ሰው ምን አስቦ ይሆን?» እላቸዋለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ዝምታ ነው። ትንሽ ሲረዝም እጄ ጠመኔውን ይዞ ካልሮጥኩ ይላል። እጄን በሌላው እጄ ይዤ እቆማለሁ፤ ልጆቹ ያመመኝ መስሏቸው ይተያያሉ።

ትስቅብኛለህ አይደል? ሳቅ። ብቻ ቶሎ ጻፍልኝ።

እህትህ


ታኅሣሥ 2

ውድ እትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ቅባቱን በመንገደኛ ልኬላታለሁ።

አልሳቅኩም። ልስቅ ብዬ ነበር ግን አልቻልኩም፤ ምክንያቱም እኔም ያስተማርሽኝ ልጅ ነኝ። ማባዛት ያስያዝሽኝ በማማሰያ እያስፈራራሽ እንደሆነ ረሳሽው? ዛሬ ልጆቹ እስኪያስቡ እጅሽን ይዘሽ ትቆሚያለሽ። እኛ ቀድመን መወለዳችን ጎዳን።

በሁለተኛው ደብዳቤሽ ስለ ቢሮዬ ለጠየቅሽኝ፣ የሚነገር ነገር የለውም። ረጅም አዳራሽ ነው፤ መስኮቶቹ ወደ ላይ ስለወጡ ሰማይ ያሳያሉ እንጂ መንገድ አያሳዩም። ፈተናው ሲመጣ አራሚዎቹ በአንድ በኩል ይቀመጣሉ፣ እኛ ደማሪዎቹ በሌላው። እነሱ በየጥያቄው ነጥብ ይሰጣሉ፣ እኛ እንደምራለን፣ ድምሩን እናረጋግጣለን፣ ወረቀቱን እናስራለን። ወረቀቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ሥራው ፀሐይ የለውም፣ ዝናብ የለውም፣ ሰውም የለውም።

ዋናውን ጥያቄሽን ደግሞ አልረሳሁትም። አዎ፣ ተፈታኝ ክፍል እንደያዝሽ ለኃላፊዬ ነግሬዋለሁ። ኮሪደር ላይ ነው ያገኘሁት፤ በአንድ እጁ ሻይ፣ በሌላው ቁልፍ ይዞ ነበር። «እህቴ ዘንድሮ የሚፈተኑ ልጆች ይዛለች፣ የምፈርመው ነገር አለ ወይ?» አልኩት። «ችግር የለም፣ ወረቀቱ ላይ ስም የለ» ብሎኝ አለፈ። እና አታስቢ። አንቺ ያልሆነ ነገር ካላሰብሽ እንቅልፍ አይወስድሽም።

ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች። የፈረደባት ናት፤ ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ ነው የማነብላት፣ አሁን እሷም «ይሄ ሰው ምን አስቦ ይሆን?» ትለኛለች፣ ካልሲዬን ከአልጋ ሥር ስታወጣ።

ወንድምሽ


የካቲት 3

ድምቡሼ፣

ቅባቱ ደርሷል። እማዬ መርቃሃለች፤ ምርቃቱ ረጅም ስለሆነ ወረቀት አይበቃኝም።

«ደብዳቤሽ ሁሉ ስለ አንዲት ልጅ ሆነ፣ ማን ናት?» ብለሃል። ስሟን የሚጠራት የለም፤ ክፍሉ በሙሉ ወይዘሪት ለምን ነው የሚላት። ከኋላ ትቀመጣለች፣ ድምፅዋ ጎርናና ነው፣ አባቷ መንገድ ዳር ጎሚስታ ነው። ድሮ ቢሆን ኖሮ ዝም በይ እላት ነበር፤ ብያትም አውቃለሁ መሰለኝ።

አንድ ቀን እንዲህ የሚል ጥያቄ ሰጠኋቸው። ከአንድ ታንከር ውሃ አንድ ሦስተኛው ተቀዳ፤ ከቀረው ደግሞ ግማሹ ተቀዳ፤ ሃያ ሊትር ተረፈ፤ መጀመሪያ ስንት ነበር? እኔ «ኤክስ ይሁን» ብዬ ስጀምር እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ኤክስ ለምን? ውሃው እኮ አለ።»

«እሺ፣ ነይ አሳዪን።»

መጣች። ሰሌዳው ላይ ረጅም ዘንግ ሣለች፣ ሦስት ቦታ ከፈለችው። አንዱን ሰረዘች። «ይሄ ተቀዳ። ሁለት ቀረ። የሁለት ግማሽ አንድ ነው፣ ይሄም ተቀዳ።» ሰረዘችው። «ይቺ የቀረችው ሃያ ናት። እንግዲህ ሦስቱም ሃያ ሃያ ናቸው።» ጠመኔውን መልሳልኝ ሄዳ ተቀመጠች። ከመሃል አንዱ «ውይ!» አለ። ያንን «ውይ» ብትሰማው ኖሮ! እድሜ ልኬን ሳስተምር «አዎ» ነው የሰማሁት፣ «ውይ» ሰምቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሁሉም ዘንግ ሆኗል። ኤክሱንም አልተውነውም፤ አሁን ግን ዘንጉ ምን ማለት እንደሆነ ካወቁ በኋላ ነው የሚጽፉት። ሌላም ልማድ አለን። መልሱን ካገኙ በኋላ ወደ ጥያቄው መልሰው ያስገቡትና ከተስማማ ከሥሩ ትንሽ ክብ ያደርጋሉ። «ተመልሼ አይቻለሁ» ማለት ነው። ክብ የሌለው ወረቀት አላርምም።

ርዕሰ መምህሩ ጫጫታው አልተስማማውም። በመስኮት ብቅ ብሎ «ክፍል ነው ገበያ?» ይለኛል። «ገበያ ነው፣ ሐሳብ ይሸጣሉ» አልኩት፤ ፊቱ አልፈታም።

የልጅቷ አባት ባለፈው መጥቶ ነበር። እጁ ግሪስ ስለነበር አልጨበጠኝም፣ ክንዱን ነው የሰጠኝ። «ቲቸር፣ እኔ ትምህርት አልጠላም» አለኝ። «ካለፈች ትማር፣ የትም ሄዳ ትማር። ከወደቀች ግን እህቴ ልብስ ማጠቢያ ቤት አላት፣ እዚያ ትገባለች። ለሦስተኛ ነገር አቅም የለኝም።» እሺ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? እሷ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር።

ታልፋለች። ከሷ በፊት የምታልፍ የለችም።

እህትህ


ሐምሌ 9

እትዬዋ፣

እንዴት ነሽ? እማዬስ? አጭር ነው የምጽፈው፤ ሥራው እስከ አንገታችን ደርሷል።

ስለ ፈተናው እንዳትጠይቂኝ ብያለሁ፣ ደግሞ ጠየቅሽኝ። አልነግርሽም። አይገባም፣ ስለሚያስገርፍ አይደለም፣ ስለማይገባ ነው። ብቻ ትናንት ወረቀት ተከምሮ ከመሃሉ ተቀምጬ ብቻዬን ሳቅኩ። አጠገቤ ያለው ደማሪ «ምን አገኘህ?» ሲለኝ «ዘመድ አገኘሁ» አልኩት። ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣኝም።

ኃላፊዬ አንዱን የወረቀት እስር ለብቻው አንስቶ ወደ ቢሮው አስገብቶታል። ምናልባት በጣም ጥሩ ሆኖበት ይሆናል።

እጅሽን ሳምኩት ብለሽ ቁጠሪው።

ወንድምሽ


ነሐሴ 20

ወንድሜ፣

ሰላምታውን ለሌላ ቀን አድርግልኝ።

የሰው ሁሉ ውጤት መጣ፣ የኛ ልጆች አልመጣም። ትናንት ጠዋት ግቢው በር ላይ ወረቀት ተለጠፈ። «በጅምላ በመኮራረጅ ምክንያት የሒሳብ ውጤታቸው የተሰረዘ» ይላል፣ ከዚያ ወደታች የልጆቹ ስም። ሒሳብ ከተሰረዘ ሌላው ምን ያደርግላቸዋል? እዚያ ወረቀት ላይ ነው የወይዘሪት ለምንን ስም አስተካክዬ ያነበብኩት።

ልጆቹ ከበሩ ተነስተው ወደኔ ቤት መጡ። አንዳቸውም አልጮኹም። ደጄ ላይ፣ አጥሩ ጥግ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ወንዶቹ መሬት መሬት ያያሉ። እማዬ ውሃ እየቀዳች ታድላለች፤ ሌላ የምታደርገው ጠፍቷት ነው። አንዱ በመጨረሻ፣ «ቲቸር፣ አልኮረጅንም እኮ» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። «ታዲያ ንገሪያቸው» አለኝ።

ለማን ልንገር? ርዕሰ መምህሩን ጠየቅኩት፣ «ከላይ የመጣ ነው» አለኝ። ከላይ ማለት የት ነው? እኔ የማውቀው ከላይ ያለ ሰው አንተን ብቻ ነው።

ምን ተፈጠረ? የምታውቀውን ሁሉ ጻፍልኝ። እንዳታለባብሰው።

እህትህ


መስከረም 6

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ። ወረቀት ይዤ እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። አታለባብስ ስላልሽኝ እንደሆነው እነግርሻለሁ።

ያ ለብቻው የተነሳው እስር የናንተ ነበር። ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ እኔ ድምሩን ያየሁት ሰው ስለሆንኩ ተጠራሁ። ሰብሳቢው ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋቸው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ዘንግ። ሁለተኛውን ገለጠ፣ ዘንግ። ሌላውን ገለጠ፣ ዘንግ። «ከእያንዳንዱ መልስ ሥር ደግሞ አንድ ዓይነት ምልክት፣ ክብ። መጽሐፉ ላይ የለም። ይሄ ሁሉ ልጅ ባንድ ሌሊት በሕልሙ አየው?» ሰው ሳቀ። አንዷ አባል፣ «ውጤቱም በዝቷል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነጥብ መጥቶ አያውቅም» አለች።

ዝም ማለት እችል ነበር። አልቻልኩም።

«አልተኮራረጁም። የተማሩት ነው» አልኩ።

«አንተ በምን አወቅክ?»

«የምታስተምራቸው እህቴ ናት።»

እትዬ፣ ክፍሉ እንዴት እንደተለወጠ ብነግርሽ። ሰብሳቢው መነጽሩን አወለቀ።

«ስለ አሠራሩ ትነግርሃለች?»

«ትጽፍልኛለች።»

«አንተስ ትመልስላታለህ?»

«እህቴ ናት እኮ፣ ለምን አልመልስላት?»

ከዚያ በኋላ ስለ ዘንግ የጠየቀኝ ሰው የለም። ወሬው ሁሉ ስለ እኔና ስለ አንቺ ሆነ። ጥያቄው ከቢሮው ወጥቶ እንደሆነስ፣ ምልክቱ አራሚ ለይቶ እንዲያውቃቸው የተሰጠ እንደሆነስ። ለኃላፊዬ ቀድሜ መናገሬን ስገልጽ ሁሉም ወደሱ ዞሩ። እሱ እስክሪብቶውን እያየ «መቼ ነገርከኝ?» አለኝ። በቁጣ አይደለም። የምሩን የረሳ ሰው ነው የሚመስለው። ምናልባትም ረስቶት ይሆናል።

ለመንኳቸው። «ልጆቹን ጥሯቸው፣ ወይ ሰው ላኩ፤ አዲስ ጥያቄ ስጧቸውና ሰሌዳ ላይ ይሥሩት፣ እዚያው ታያላችሁ» አልኩ። «ለአንድ ትምህርት ቤት ብለን?» አሉኝ። የዚያኑ ቀን መሰረዙን ፈረሙ።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራው እንደዱሮው ነው። ለኔ አታስቢ።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ባልናገር ይሻል ነበር?

ወንድምሽ


ኅዳር 15

ድምቡሼ፣

«ሥራው እንደዱሮው ነው» ትለኛለህ። ሚስትህ ጽፋልኛለች። ከዚያ ስብሰባ ማግስት ጀምሮ ወንበርህ ላይ ሌላ ሰው እንደተቀመጠ፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ሠራተኛ ለብሰህ ወጥተህ እየዞርክ እንደምትውል ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፣ ለኔ ያልተነገረ ለማን ይነገራል? እኔን ስትዋሸኝ ግን ሁለተኛ እንዳይለምድህ። እኔ ያንተን ውሸት ከጥርስህ በፊት ነው የማውቀው።

ባልናገር ይሻል ነበር ወይ ላልከኝ። ብዙ ቀን አሰብኩበት፤ ላጽናናህ ብዬ ልጽፍልህ አልፈልግም። ዝም ብትል ኖሮ ምናልባት ሌላ ሰው ይጠራጠር፣ ሰው ይልኩ፣ ልጆቹን ያዩ ነበር። ምናልባትም አያዩም ነበር። አላውቅም። የማውቀው፣ ዝም ብለህ ተመልሰህ «ዝም አልኩ» ብለህ ብትጽፍልኝ ደብዳቤህን አንብቤ የማልጨርሰው መሆኑን ነው። ይሄ ምን ያህል ይረዳሃል? ልጆቹን አልረዳቸውም።

የኔን ደግሞ ልንገርህ። አላባረሩኝም፤ የሒሳብ መምህር አጥተው ነው። ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ወደ ታችኛው ክፍል አወረዱኝ። ርዕሰ መምህሩ «በመጽሐፉ መሠረት፣ በጸጥታ» አለኝ፤ ቁጣ የለውም፣ ደክሞታል። የመጀመሪያ ቀን ገባሁ። ጥያቄ ጻፍኩና «ለጎናችሁ አስረዱ» አልኩ። ማንም አልዞረም። አብዛኞቹ የነዚያ ልጆች ታናናሾች ናቸው። ደብተራቸውን በክንዳቸው ከልለው፣ ግንባራቸውን ክንዳቸው ላይ አስደግፈው ነው የሚጽፉት። አንዷ ትንሽ ልጅ ተነስታ፣ «ቲቸር፣ ሕጉን ብቻ ስጪን። መነጋገር ያሰርዛል» አለችኝ። ሕጉን ሰጠኋቸው። ገለበጡ። ክፍሉ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይቶኝ ራሱን ነቀነቀልኝ፣ ጎሽ ማለቱ ነው።

ስለ ወይዘሪት ለምን እየፈራሁ ነው የምጽፍልህ። አባቷ መጥቶ ነበር። ፈተናውን እንደገና ትውሰድ፣ እኔው አዘጋጃታለሁ ብዬ ለመንኩት። እሱ ስለ ፈተናው አይደለም የሚያስበው። «ስሟን በር ላይ ለጠፉት» ይላል፣ መልሶ መላልሶ። «ጎማ ሊያስጠግን የመጣ ሰው ሁሉ ያነበዋል። ልጄ ሌባ አይደለችም፣ ቲቸር። ልጄ ሌባ አይደለችም።» በማግሥቱ ከእህቱ ዘንድ ላካት። ሳትሰናበተኝ ነው የሄደችው።

ለእማዬ ሥራ እንደፈታህ አልነገርኳትም ነበር። ለካ ሰምታለች፤ ትናንት ስትጸልይ «ሥራ ስጠው» ስትል ሰማኋት። እኔም እንዳልሰማሁ ሆንኩ፣ እሷም እንዳልሰማች።

ለሚስትህ ደግ ሁንላት። ጠዋት ጠዋት መውጣቱን ተውና ቤት ተቀመጥ፣ ብርድ ነው።

እህትህ


ጥር 20

እትዬ፣

እንዴት ናችሁ? ዋሽቼሽ ስለነበር አፍሬ ነው የዘገየሁት። ከእንግዲህ አልዋሽሽም።

ሥራ አግኝቻለሁ። የሲሚንቶ መጋዘን ነው፤ የሚገባና የሚወጣ ጆንያ እጽፋለሁ። ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ማታ ስገባ ሽማግሌ መስዬ ነው የምገባው፤ ባለቤቴ ቅንድቤን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርግልኛለች። ሰዎቹ ደጎች ናቸው። ከየት እንደመጣሁ የጠየቀኝ የለም።

ባለፈው ሳምንት ያንን ኃላፊዬን መንገድ ላይ አየሁት። አይቶኝ ወደ አንድ ሱቅ ገባ፤ ሱቁ የሴት ጫማ ነው የሚሸጠው። እስኪወጣ ብጠብቀው ብዬ አሰብኩና ተውኩት። ምን እለዋለሁ?

በታኅሣሥ በላክሽው ደብዳቤ «ሁለተኛ ማንንም አላስተምርም፣ ማስገልበጥ ይበቃኛል» ያልሽውን አንብቤ ለባለቤቴ አላነበብኩላትም። ዘልዬው አለፍኩ። እትዬ፣ እኔ ወረቀቶቹን አይቻቸዋለሁ። አንቺ አላየሻቸውም። ዘንጎቹ እኮ አንድ ዓይነት አልነበሩም። አንዱ ረጅም አድርጎ ሥሎ ገጹ አልበቃው ብሎ ዞሮ በጀርባው ቀጥሏል። አንዱ መጀመሪያ አራት ቦታ ከፍሎ፣ ሰርዞ፣ ሦስት አድርጎታል። የኮረጀ ሰው የራሱ ስህተት የለውም። ይሄን ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ ምላሴ ላይ የመጣልኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። እስካሁን ሲሚንቶ እየቆጠርኩ ለነዚያ ሰዎች ስናገረው እውላለሁ።

ከልጅቷ ወሬ አለ?

ወንድምሽ


ጳጉሜን 2

ድምቡሼ፣

እንዴት ከረማችሁ? ለረጅም ጊዜ ዝም ስላልኩ ተቆጥተህ የጻፍከው ደርሶኛል፤ እውነትህን ነው። እማዬ ከአልጋ መውረድ እየከበዳት ሄዷል፤ ይሄኛውን አልደብቅህም። ብትችል ለአዲሱ ዓመት መጥተህ እያት።

ስለ ልጅቷ እስካሁን ያልነገርኩህ ከጅምሩ እስከ መጨረሻው ባንዴ ልነግርህ ብዬ ነው። በመጋቢት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። እሷ ናት። አድጋለች፣ ከስታለች። እጇ ከሳሙናው ተላልጦ የአሮጊት እጅ ሆኗል። ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሻይ ቀዳሁላት፣ አልጠጣችም። አክስቷ በሳምንት አንድ ቀን እረፍት እንደምትሰጣት፣ በግሏ ለመፈተን እንደተመዘገበች ነገረችኝ። አባቷ አያውቅም።

«ጎበዝ! በቃ አዘጋጅሻለሁ» አልኳት። «ግን አንቺ ምን መዘጋጀት ያስፈልግሻል? ሁሉንም ታውቂዋለሽ።»

«እሱን አይደለም የምፈልገው፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ምን?»

«እንዳይታወቅብኝ አድርጌ እንድጽፍ አስተምሪኝ» አለችኝ።

አልገባኝም። ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እንደ ሌላው ሰው መጻፍ ትፈልጋለች። መጽሐፉ በሚያዘው ቃል፣ በመጽሐፉ ተራ፣ አንድም የራሷ የሆነ ነገር ሳይኖርበት። «አራሚው ሲያየኝ ምንም እንዳያስብ» አለችኝ።

እምቢ ልላት ነበር። አንተው እንደጻፍክልኝ፣ የራስሽ ነገር ያለበት ወረቀት ነው የታማኝ ሰው ወረቀት፣ ልላት ፈልጌ ነበር። ከዚያ እጇን አየሁ። እኔ ልክ ብሆንም ነገ ልብስ የምታጥበው እሷ ናት።

አስተማርኳት። በየሳምንቱ እሑድ እየመጣች ትቀመጣለች፤ እማዬ ከአልጋዋ ሆና ታያታለች። የራሷን መንገድ በጭንቅላቷ ትሄድና መልሱን ታገኛለች፤ ከዚያ ከመልሱ ወደ ኋላ እየተመለሰች የመጽሐፉን መንገድ ትጽፋለች፣ በዚያ የመጣች እንድትመስል። አንዳንዴ ጥያቄው ከበድ ሲል የግድ መሣል አለባት፤ እስክሪብቶውን ታስቀምጥና ጣቷን ጉልበቷ ላይ፣ ቀሚሷ ላይ ታሄደዋለች። ትከፍላለች፣ ትሰርዛለች። ጨርቅ ነውና ምንም አይቀርም። እኔ ደግሞ፣ እዚህ ላይ «ስለዚህ» በይ፣ እዚህ ላይ መስመር ዝለይ፣ ይሄን ቃል አውጪው የራስሽ ነው፣ እያልኩ አርማታለሁ። ወንድሜ፣ በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ ያስተማርኩት ትምህርት የለም። አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተችም።

አልፋለች። ውጤቱ ባለፈው ሳምንት መጣ፣ ከፍተኛ ነው። አባቷ ይዟት መጣ፤ በዚህኛው ጊዜ እጁን ታጥቦ ጨበጠኝ፣ ማልቀስ አቃተው እንጂ ሊያለቅስ ነበር። በመስከረም ለትምህርት ትሄዳለች። ከዚያ ሁሉ ክፍል እሷ ብቻ ናት። ሌሎቹ አንዳንዶቹ ከአገር ወጥተዋል፣ አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ሳገኛቸው ሌላ ወገን ይሻገራሉ። ያ መጀመሪያ «ውይ» ያለው ልጅ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ነበር፤ በግንቦት ዳገት ላይ ተገልብጠው ሞቷል። ይሄንንም ደብቄህ ነበር።

ልትሰናበተኝ ስትነሳ፣ «ፈተናው እንዴት ነበር?» አልኳት። ሌላ የምጠይቃት ጠፍቶኝ ነው።

«ደህና ነበር» አለችኝ። «አንዱ ጥያቄ ብቻ ከበደኝ፣ በእጄ አሰብኩት። ፈታኙ እጄን ከጠረጴዛው ሥር አየና መጣ። አስነሳኝ። ኪሴን ፈተሸ፣ እጅጌዬን ፈተሸ፣ ቀሚሴን እያገላበጠ አየው።»

«ከዚያስ?»

«ምንም አላገኘም» አለችኝ።

እህትህ